የጋዜጠኝነት ተማሪዎችን በሴሚናርና በወርክሾፕ ማስተማር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ዜና አጻጻፍ፣ ቃለ መጠይቅ፣ መረጃ ማጣራትና ሥነ ምግባር የሚያስተምሩ መምህራን አዘውትረው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ ከ12 እስከ 18 ተማሪ ያለውን ክፍል መነሻ አድርገዋል። ቁጥሩ ከዚያ ሲበዛ ምን እንደሚደረግ ለብቻው ተጽፏል።

ሴሚናርና ወርክሾፕ አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። ሁለቱንም «ዓውደ ጥናት» ማለት ስለለመድን ይምታታል እንጂ ሥራቸው የተለያየ ነው። ሴሚናር ቁርጥ ያለ መልስ በሌለው ጥያቄ ላይ መከራከሪያ ነው። ስሜ አይጠቀስ ያለን ምንጭ መቼ እንቀበላለን? የሟች ፎቶ ይውጣ ወይስ ይቅር? ተማሪው አንብቦ ይመጣል፣ አቋም ይይዛል፣ አቋሙንም በማስረጃ ይሟገትለታል። ወርክሾፕ ግን የእጅ ሥራ ነው። ተማሪው ባዶ ወረቀት ይዞ ገብቶ የተጻፈና የታረመ ዘገባ ይዞ ይወጣል።

ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ጠረጴዛው ላይ ምን እንደቀረ ማየት ሁለቱን ለመለየት ይበቃል። በመምህሩ ስላይድ ተጀምሮ በመምህሩ ስላይድ ያለቀ «ወርክሾፕ» ስሙ ተቀየረ እንጂ ሌክቸር ነው። ተማሪዎች አንዴ ጽፈው አስረክበው የሄዱበት ደግሞ ፈተና ነው። ጽሑፉ ተነቦ፣ ተተችቶ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ዳግም ካልተጻፈ ወርክሾፕ ተካሄደ ማለት ያስቸግራል።

ታዲያ ሌክቸር ይቅር?

አይቅር፤ ይጠር። የስም ማጥፋት ሕግ፣ የመገናኛ ብዙኃን ታሪክ፣ የፍርድ ቤት አሠራር በሌክቸር ቢሰጡ ጊዜ ይቆጥባሉ። ዜና መጻፍን ግን ሰው በመስማት አይለምደውም። በ1908 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የተከፈተው የሚዙሪ ጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ማስተማር በጀመረበት በመጀመሪያው ቀን ጋዜጣ አሳትሟል። «እየሠሩ መማር» የሚለው መንገድ በዘርፉ የቆየ ነው፤ እንደ አዲስ ግኝት ማቅረብ አያስፈልግም።

የ3 ሰዓት ወርክሾፕ እንዴት ይከፋፈላል?

ለዜና አጻጻፍ የሚከተለው ይሠራል፤ ድምሩ 180 ደቂቃ ነው።

1. 10 ደቂቃ፦ የዕለቱ ሥራ ይነገራል፤ አንድ የታተመ ዜና ይታያል። ማብራሪያ አይበዛም።
2. 15 ደቂቃ፦ ዜናው የሚጻፍበት የመረጃ ወረቀት (አዘገጃጀቱ ከታች አለ) ይታደላል። መምህሩ ራሱን እንደ ምንጭ አድርጎ የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል፤ ያልተጠየቀውን አይናገርም።
3. 35 ደቂቃ፦ የመጀመሪያው ረቂቅ ይጻፋል፤ 250 ቃል ገደማ። ሰዓቱ ሲያልቅ እጅ ይነሳል።
4. 10 ደቂቃ፦ ተማሪዎች ያርፋሉ። መምህሩ አያርፍም፤ ረቂቆቹን ገረፍ ገረፍ አድርጎ አንብቦ 3 ይመርጣል።
5. 40 ደቂቃ፦ 3ቱ ረቂቆች የጸሐፊው ስም ተሸፍኖ ለክፍሉ ይነበባሉ፤ ለእያንዳንዱ 13 ደቂቃ ያህል።
6. 10 ደቂቃ፦ አዲስ መረጃ ይመጣል። የቆሰሉት ቁጥር ተቀየረ፣ ወይም ኃላፊው የተናገረውን አስተባበለ።
7. 30 ደቂቃ፦ ሁሉም ዘገባውን እንደገና ይጽፋል።
8. 20 ደቂቃ፦ ጥንድ ጥንድ ሆነው የባልንጀራቸውን ጽሑፍ ያጣራሉ። እያንዳንዱ ስም፣ ቁጥር፣ ቀንና ጥቅስ ይሰመርበታል፤ ከየት እንደመጣም ከመረጃ ወረቀቱ ላይ በጣት ይታያል።
9. 10 ደቂቃ፦ ሁለቱም ረቂቆች አንድ ላይ ተያይዘው ይሰበሰባሉ።

ይህ እቅድ የሚበላሸው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል 5ኛው ላይ ነው። ውይይቱ ይጥማል፣ 40 ደቂቃ የነበረው 70 ይሆናል፣ ዳግም መጻፉ «ለቤት ሥራ» ይተላለፋል። ቤት የሄደው ረቂቅ ደግሞ ፊደል ተለቅሞለት እንጂ ተገልብጦ ተጽፎ አይመለስም። ሰዓት የሚቆጣጠር ተማሪ ይመደብ፤ መምህሩንም የማቋረጥ ሥልጣን ይሰጠው። ሌላው ፈተና «5 ደቂቃ ይጨመርልን» የሚለው ነው። አንዴ ከተጨመረ በሚቀጥለው ሳምንት 15 ይጠየቃል። ያላለቀ ዘገባ ባለበት ይሰብሰብ። አንባቢ ሊረዳው የሚችል ግማሽ ዘገባ ማስረከብም ራሱን የቻለ ችሎታ ነው፤ ዋናውን ነገር ላይኛው አንቀጽ ላይ ያስቀመጠ ተማሪ ያን ዕለት ይተርፋል፣ ሌላው አይተርፍም። የተገላቢጦሽ ፒራሚድ (ዋናውን ከላይ፣ ዝርዝሩን ከታች የማስቀመጥ አጻጻፍ) ጥቅም በዚህ መንገድ ያለ ማብራሪያ ይገባቸዋል።

የመረጃ ወረቀቱን እንዴት ላዘጋጅ?

አንድና ሁለት ገጽ ይበቃል። ወደ 20 የሚሆኑ መረጃዎች ይኑሩበት፤ ከእነሱ 5 ያህሉ ለመግቢያው የሚያስፈልጉ፣ 8 ያህሉ ለዘገባው አካል የሚሆኑ፣ የቀሩት ደግሞ ባይገቡ የሚሻሉ። ቅደም ተከተሉ ይዘበራረቅ። ዋናውን ነገር መጀመሪያ ላይ ያስቀመጠ ወረቀት ለተማሪው ዜናውን ጽፎለታል።

ወጥመዶች ይቀበሩበት። ለምሳሌ የመጋዘን ቃጠሎ ከሆነ፦ የቆሰሉት 14 ናቸው ይልና ዝቅ ብሎ 9 ወንዶችና 6 ሴቶች ይላል። እሳቱ 3፡40 ላይ ተነሳ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች 3፡25 ላይ ደረሱ ይላል። የኃላፊው ስም በገጽ 1 እና በገጽ 2 በተለያየ ፊደል ተጽፏል። የጉዳቱ ግምት አንድ ቦታ 2.4 ሚሊዮን፣ ሌላ ቦታ 240 ሺህ ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንዲሉ፣ ብዙዎቹ ወደ አሳዛኙ የዓይን ምስክር ቃል ሮጠው ከድምሩ በላይ ያልፋሉ።

ወጥመድ ከ4 አይብለጥ። 10 ከሆነ ክፍሉ የእንቆቅልሽ ጨዋታ ይሆንና ዜና መጻፉ ይረሳል። ከ4ቱ አንዱ ደግሞ ምንጩን በመጠየቅ ብቻ የሚፈታ ይሁን፤ በልምምዱ መሃል ተነስቶ «ይህ ቁጥር አይደመርም፣ የቱ ነው ትክክሉ?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ ያንን ልማድ ይዞት ይወጣል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የፈጠራ መረጃ በያዘ በእያንዳንዱ ገጽ ራስጌ ላይ «ለክፍል ልምምድ የተዘጋጀ፣ እውነተኛ ክስተት አይደለም» ተብሎ በትልቁ ይጻፍ። አንድ ተማሪ ፎቶ አንስቶት ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ቢለጥፈው የሐሰት ዜና ምንጭ ክፍሉ ራሱ ይሆናል።

በአማርኛ የሚጽፉ ተማሪዎች ላይ የትኞቹ ስህተቶች ይደጋገማሉ?

ሦስቱ ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው ምንጩ የተሰወረበት ግስ ነው፦ «ተብሏል»፣ «ተገልጿል»፣ «ታውቋል»። ማን አለ? ማን ገለጸ? ለአንድ ወርክሾፕ ያህል እነዚህን ቃላት ጨርሶ መከልከል ውጤቱ ወዲያው ይታያል፤ ተማሪው ባለቤቱን ሲፈልግ ምንጭ እንደሌለው ራሱ ይደርስበታል።

ሁለተኛው የተንዛዛ መግቢያ ነው። በአማርኛ ማሰሪያ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ የ45 ቃል ዓረፍተ ነገር አንባቢውን ምን እንደተደረገ ሳይነግረው እስከ አራት ነጥቡ ያንጠለጥለዋል። በመሃል የባለሥልጣኑ ሙሉ ማዕረግ፣ የስብሰባው ርዕስና የአዳራሹ ስም ተደርድረዋል። መፍትሔው ሜካኒካል ነው፦ መግቢያው ከ20 ቃል አይለፍ፣ ማዕረጉና ቦታው ወደ ሁለተኛው አንቀጽ ይውረዱ። ሌሎቹ ተማሪዎች ዓረፍተ ነገሩን ጮክ ብለው በአንድ ትንፋሽ ያንብቡት፤ ካላዳረሳቸው ይቆረጥ።

ሦስተኛው «አስታወቀ»ን እንዳይደግሙ ሲሉ «አሰመረበት»፣ «አረጋገጠ»፣ «አጋለጠ» እያሉ መቀያየር ነው። «አረጋገጠ» ማለት ነገሩ እውነት ነው ብሎ መመስከር ነው፤ «አጋለጠ» ደግሞ ተደብቆ ነበር ማለት ነው። «አለ» እና «ተናገረ» ቢደጋገሙ የሚጎዳ ነገር የለም።

ክፍሌ ውስጥ 60 ተማሪ አለ። ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን በሌላ አደረጃጀት። በ10 ጠረጴዛ 6፣ 6 ሆነው ይቀመጡ። በእያንዳንዱ ጠረጴዛ 4 ዘጋቢ፣ 1 አዘጋጅ፣ 1 አጣሪ ይኑር፤ ኃላፊነቱ በየሳምንቱ ይዙር። መምህሩ የሚያነጋግረው 10ሩን አዘጋጆች ነው፤ እነሱ ደግሞ ዘጋቢዎቻቸውን። ጽሑፍ ማንበቡንም መከፋፈል ያስፈልጋል፦ በየሳምንቱ የሁሉም መግቢያና ሁለተኛ አንቀጽ ብቻ ይታያል፣ የ15 ተማሪዎች ጽሑፍ ግን ሙሉ በሙሉ ይታረማል። በ4 ሳምንት ሁሉም ተራ ይደርሳቸዋል። ሴሚናር ግን በ60 ሰው አይሆንም። ከ15 ሲያልፍ ዝምተኛው ይደበቃል፤ ክፍሉን ከፍሎ በየሁለት ሳምንቱ ማግኘት ይሻላል።

ለሴሚናር ምን ዓይነት ጉዳይ ይመረጣል?

አዘጋጆች በውሳኔ የተፈተኑበትና ሰነዱ በይፋ የሚገኝ ጉዳይ። ጋዜጠኛው ክፉ የሆነበትን ብቻ መምረጥ አያስተምርም፤ ተማሪዎች «እኔ እንዲህ አላደርግም» ብለው ተኝተው ያልፉታል። ብልህና ልምድ ያላቸው ሰዎች እንዴት እንደተሳሳቱ የሚያሳየው ይሻላል።

ለምሳሌ በ1948 የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ቺካጎ ትሪቢዩን ጋዜጣ ዲዊ ትሩማንን አሸነፈ ብሎ በትልቁ ርዕስ ማተሙ፤ ያሸነፈው ግን ትሩማን ነበር። የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች አድማ ላይ ስለነበሩ የመጀመሪያው እትም ድምፅ ተቆጥሮ ሳያልቅ መዘጋት ነበረበት። ጥያቄው «ለምን ዋሹ?» አይደለም፤ ሰዓቱ ደርሶ መረጃው ካልደረሰ ርዕሱ ምን ይባል ነበር? እያንዳንዱ ተማሪ ያን ሌሊት የሚያስኬድ ርዕስ ይጻፍ።

በ1980 ዋሽንግተን ፖስት የሄሮይን ሱሰኛ ስለተባለ የ8 ዓመት ልጅ ያወጣው ጽሑፍ በ1981 የፑሊትዘር ሽልማት ካገኘ በኋላ ልጁ በጸሐፊዋ በጃኔት ኩክ የተፈጠረ መሆኑ ታወቀ፣ ሽልማቱም ተመለሰ። እዚህ ላይ መከራከሪያው አዘጋጆቹ ናቸው፦ የልጁን ማንነት ሳያውቁ ለምን አሳለፉት?

ታኅሣሥ 3 ቀን 2004 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በህንድ የደረሰው የቦፓል የጋዝ አደጋ 20ኛ ዓመት ሲታሰብ ቢቢሲ የዳው ኬሚካል ቃል አቀባይ ነኝ ያለ ሰው በቀጥታ ስርጭት አቀረበ፤ ሰውየው ኩባንያው ለተጎጂዎች ትልቅ ካሳ ሊከፍል መወሰኑን ተናገረ። የተገኘው ግን ኩባንያውን አስመስሎ በተሠራ ድረ ገጽ በኩል ነበር። ይህ ጉዳይ «ምንጩን ራሱ በሰጠን አድራሻ ማጣራት ማጣራት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ያወጣል።

የሮሊንግ ስቶን መጽሔት በ2014 ያወጣውና በ2015 የሰረዘው የዩኒቨርሲቲ ጥቃት ዘገባም አለ። መጽሔቱ ራሱ ጋብዞት ኮሎምቢያ ጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ያካሄደው ምርመራ በይፋ ታትሟል፤ ዘጋቢዋ በባለታሪኳ ቃል የተጠቀሱትን ሦስት ጓደኞች ራሳቸውን አላነጋገረችም። ርዕሰ ጉዳዩ ወሲባዊ ጥቃት ስለሆነ ለተማሪዎች አስቀድሞ ይነገር።

አቀራረቡ ላይ አንድ ዘዴ ብዙ ይጠቅማል፦ ታሪኩን እስከ መጨረሻው አይስጡ። ውሳኔው የሚደረግበት ነጥብ ላይ ያቁሙት። «ከሌሊቱ 4 ሰዓት ነው፣ እጃችሁ ላይ ያለው ይህ ብቻ ነው፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ሁሉም መልሱን ይጻፍና ከዚያ ነው የሆነው የሚነገረው። ፍጻሜውን ያወቀ ሰው ሁሉ ጠቢብ ነው።

ተማሪዎች ሳያነቡ ይመጣሉ። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ የንባቡን መጠን ይመልከቱ። ከ15 ገጽ በላይ ከሆነ ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይደለም። ቀጥሎ የመግቢያ ወረቀት ይጠይቁ፦ ከንባቡ ውስጥ አንድ ውሳኔ መርጦ እንዴት እንደሚለውጠው በ100 ቃል የጻፈበት። ያላመጣ ተማሪ አይባረር፤ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ጥግ ይዞ አንብቦ ይጻፍ። ወረቀቶቹን ገና ሲገቡ ማየቱም ሌላ ጥቅም አለው፤ ተቃራኒ አቋም የያዙ ሁለት ተማሪዎችን ለይቶ ውይይቱን በእነሱ ማስጀመር ይቻላል።

ሴሚናርን በየተራ ስላይድ ማቅረቢያ ማድረግ ግን ከሁሉ የባሰው ምርጫ ነው። አንዱ ያነባል፣ 12ቱ ስልካቸውን ያያሉ፣ በመጨረሻ «ጥያቄ አለ?» ይባላል፣ የለም።

ሁለት ሦስት ተማሪዎች ብቻ ሲናገሩስ?

ከውይይቱ በፊት 3 ደቂቃ በጽሑፍ፣ 5 ደቂቃ በጥንድ። ከዚያ ዝምተኛውን «ምን ትላለህ?» ብሎ ማፋጠጥ ሳይሆን «ከባልንጀራህ የሰማኸው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ። የሌላ ሰው ሐሳብ በትክክል ማቅረብ ለጋዜጠኛ ዋናው ሥራ ስለሆነ ልምምዱ ሁለት ጊዜ ያገለግላል። ተናጋሪው ደግሞ የውይይቱ ጸሐፊ ይሁን፤ ብዕር ሲይዝ ይሰማል።

ቃለ መጠይቅ ክፍል ውስጥ እንዴት ይለማመዱታል?

ሦስት ሦስት ሆነው፦ ጠያቂ፣ ተጠያቂ፣ ታዛቢ። ጥያቄው 7 ደቂቃ፣ የታዛቢው አስተያየት 3 ደቂቃ፣ ከዚያ ቦታ ይቀያየራሉ። በ30 ደቂቃ ሁሉም በሁሉም ቦታ አልፏል።

ተጠያቂው ካርድ ይሰጠዋል። ካርዱ ላይ ማንነቱ፣ የሚያውቀው ነገርና ሁለት መመሪያዎች አሉ፦ በቀጥታ ከተጠየቀ ብቻ የሚናገረው አንድ ነገር፣ እና ጠያቂው ለ5 ሰከንድ ያህል ዝም ካለ ብቻ የሚያወጣው ሌላ ነገር። ሁለተኛውን የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹ ዝምታውን ፈርተው ሌላ ጥያቄ ይደርቡበታል።

ታዛቢው ጠቅላላ አስተያየት አይሰጥም፤ ይቆጥራል። ስንት ጥያቄ በ«አዎ» ወይም «አይ» አለቀ? ስንት ጊዜ ሁለት ጥያቄ ባንድ ላይ ተጠየቀ? ስንት ጊዜ ተጠያቂው ተቋረጠ? ስንቱ ተከታይ ጥያቄ ከመልሱ የተነሳ ነበር፣ ስንቱስ ከወረቀቱ ተነበበ? «ጥሩ ነበር» ከሚል አስተያየት ይልቅ «11 ጥያቄ ጠየቅህ፣ 7ቱ በአዎና በአይ አለቁ» የሚለው ይሠራል።

ከዚያ ነው ዋናው። ውይይቱ በስልክ ተቀድቷል፤ ጠያቂው ግን ቅጂውን ሳይሰማ ከማስታወሻው 3 ቀጥተኛ ጥቅሶችን በትእምርተ ጥቅስ ይጽፋል። ከዚያ ቅጂው ይከፈታል። ቃል በቃል የገጠመው ስንት ነው? ጥቅስ ማለት የተባለው ነገር እንጂ «የሚመስለው» እንዳልሆነ ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ልምምድ ማግኘት ያስቸግራል። ካልገጠመ ትእምርተ ጥቅሱ ይነሳና በተዘዋዋሪ ይጻፍ።

የማስመሰያ ጋዜጣዊ መግለጫስ?

20 ደቂቃ ይበቃዋል። ቃል አቀባዩ የሚሸሽ ይሁን፣ ግን ውሸታም አይሁን፤ ግማሽ እውነት የሚናገር ሰው ይበልጥ ያስተምራል። አንድ ሕግ ይቀመጥ፦ ሁለተኛው ጠያቂ ከቀደመው መልስ አንድ ቃል ይዞ መነሳት አለበት። ይህ ካልሆነ ሁሉም ያዘጋጀውን ጥያቄ ያነባል፤ ያልተመለሰ ጥያቄም ማንም ሳይመለስበት ያልፋል።

ማጣራትን ለማስተማር ወርክሾፑ ምን ይይዛል?

4 ፎቶዎች ወይም ቪዲዮዎች፦ አንድ ትክክለኛ፣ አንድ የድሮ ሆኖ ሳለ አዲስ መግለጫ የተለጠፈበት፣ አንድ ተቆርጦ ትርጉሙ የተለወጠ፣ አንድ ደግሞ ባለው መረጃ ሊወሰን የማይችል። አራተኛው እንዳይቀር። ሁሉም የሚፈታ ከሆነ ተማሪው መልስ ማግኘት ግዴታ ይመስለዋል፤ «ማረጋገጥ አልቻልንም» የሚል መልስ ሙሉ ነጥብ እንደሚያስገኝ አንዴ ማየት አለበት።

ለእያንዳንዱ 25 ደቂቃ ይስጡ። ማን ቀድሞ ለጠፈው? መቼ? ምስሉ ሌላ ቦታ ታይቷል? ምልክት ሰሌዳ፣ የሕንፃ ቅርጽ፣ የተራራ መስመር ከሳተላይት ካርታ ጋር ይገጥማል? ጥላው የወደቀበት አቅጣጫ ከተባለው ሰዓት ጋር ይስማማል? ተማሪዎች የሚሳሳቱባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። በምስል ፍለጋ ያገኙትን የቆየ ቅጂ ዋናው ነው ብለው ይደመድማሉ፤ ፍለጋው የሚያሳየው ግን መዝገቡ ውስጥ የገባውን ብቻ ነው። በአንድ የፍለጋ ሞተር ምንም ካልተገኘ በሌላ ይሞከር። ሌላው፣ ፎቶው ውስጥ የተቀበረውን የቀንና የቦታ መረጃ ከማኅበራዊ ሚዲያ ካወረዱት ቅጂ ይፈልጋሉ፤ አብዛኞቹ መድረኮች ግን ምስሉ ሲጫን ያንን መረጃ ያራግፉታል።

ኢንተርኔቱ ያን ቀን ይቋረጣል ብሎ ማሰብ ብልህነት ነው። ምስሎቹና የፍለጋ ውጤቶቹ አስቀድመው ይውረዱ፣ ዋና ዋናዎቹም ይታተሙ። የሚዘገንን ምስል ያለ ማስጠንቀቂያ አይታይ፤ በትንሹና ድምፁ ተዘግቶ ይቅረብ፣ ማየት ያልፈለገም ሌላ ምስል ይሰጠው።

ተማሪዎቼ ቁጥር ይፈራሉ።

ለብቻው የ«ቁጥር ትምህርት» ከማድረግ በየመረጃ ወረቀቱ አንድ አንድ ይቀበር። ሥራ አጥነት ከ4 በመቶ ወደ 6 በመቶ ቢወጣ ጭማሪው 2 የመቶኛ ነጥብ ነው፣ ወይም 50 በመቶ ነው፤ «2 በመቶ ጨመረ» ማለት ግን ስህተት ነው። አምስት ሠራተኞች 4,000፣ 5,000፣ 5,000፣ 6,000 እና 80,000 ቢያገኙ አማካዩ 20,000 ይሆናል፤ ከአምስቱ ግን አራቱ የዚያን ሲሶ እንኳ አያገኙም። መካከለኛው 5,000 ነው። ይህን አንዴ በእጃቸው ያሰሉ ተማሪዎች «አማካይ ደመወዝ» የሚል መግለጫ ሲመጣ መጠየቅ ይጀምራሉ።

ጽሑፍ ሲተች ተማሪዎች ይከፋሉ፤ ወይም ደግሞ ማንም ምንም አይልም።

ሁለቱም የሥርዓት ጉድለት ናቸው። መጀመሪያ አንድ አንባቢ ጽሑፉ የሚለውን በራሱ ቃል በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር። ጸሐፊው ለ5 ደቂቃ ይስማ፤ አይመልስ፣ አያብራራ። ጋዜጣ ከአንባቢው ጋር ሄዶ አያብራራለትማ። አስተያየት በዚህ ቅደም ተከተል ይምጣ፦ መረጃው፣ አወቃቀሩ፣ ቋንቋው። ካልተገደቡ ሁሉም በፊደል ግድፈት ይጀምራሉ፤ ቀላሉ እሱ ነውና። «ጥሩ ነው» እና «አልወደድኩትም» የተከለከሉ ይሁኑ፤ «ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ማን እንደተናገረ ጠፋብኝ» የሚለው ይፈቀዳል።

መምህሩም አንድ ፈተና አለበት፦ የተማሪውን መግቢያ ነጥቆ አሳምሮ መጻፍ። ተማሪው ይገለብጠዋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ያው ስህተት ይመለሳል። በጽሑፉ ላይ ከ3 ምልክት በላይ አለማድረግ፣ እነሱንም በጥያቄ መልክ መጻፍ ይሻላል። ለአንድ ወረቀት 8 ደቂቃ ቢወሰድ 15 ወረቀት 2 ሰዓት ይፈጃል፤ ከዚያ በላይ የሚፈጅ ከሆነ ምናልባት እየጻፉላቸው ነው።

ነጥብ እንዴት ይሰጣል?

አንድ የሚሠራ ክፍፍል፦ ትክክለኛነት 40፣ የምንጭ አጠቃቀም 20፣ አወቃቀር 20፣ ቋንቋ 10፣ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ረቂቅ የታየ ለውጥ 10። አንዳንድ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቶች የስም ወይም የመረጃ ስህተት ያለበትን ጽሑፍ በቀጥታ ይጥላሉ። ጥብቅ ቢሆንም ምክንያታዊ ነው፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ቢጀመር ተማሪዎች ስህተት ፈርተው ባዶ ዘገባ ይጽፋሉ። ለ3 ሳምንት ስህተቱ ብቻ ይታይ፤ ከ4ኛው ሳምንት ጀምሮ ነጥቡ ከግማሽ እንዳያልፍ ይደረግ። የዘገየ ሥራ ያለ በቂ ምክንያት ዜሮ ነው ከተባለ ደግሞ ለሁሉም ይሁን።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ ሥራ ሲያመጡስ?

የመጀመሪያው ረቂቅ ክፍል ውስጥ፣ በሰዓት፣ ከክፍሉ ምንጭ ከተሰማ ቃል የሚጻፍ ከሆነ ችግሩ በአብዛኛው ይቀንሳል። ያልነበረበትን ቃለ መጠይቅ ማሽኑ ሊያውቀው አይችልም። መሣሪያውን ራሱን ደግሞ የልምምድ ዕቃ ማድረግ ይቻላል፦ ያመነጨው ዜና ይታተምና ተማሪዎች እያንዳንዱን አባባል አስምረው ምንጩን ይፈልጉ። ያልተባለ ጥቅስና የሌለ ሰነድ በእርጋታ ሲጠቅስ ሲያዩት ትምህርቱ ይገባል። የምንጭን ስምና ያልታተመ ማስታወሻ እንዲህ ባሉ መሣሪያዎች ላይ መለጠፍ ግን በጽሑፍ ይከልከል።

«የዜና ቀን» ምን ይመስላል?

ክፍሉ ለ6 ሰዓት ያህል ወደ ዜና ክፍል ይለወጣል። ለ20 ሰው፦ 1 ዋና አዘጋጅ፣ 2 ምክትሎች፣ 1 የቋንቋ አራሚ፣ 1 የፎቶ ኃላፊ፣ 2 ለድረ ገጽና ለማኅበራዊ ሚዲያ፣ 13 ዘጋቢ። ጠዋት 30 ደቂቃ ስብሰባ ይደረጋል፤ እያንዳንዱ ዘጋቢ 2 ሐሳብ ይዞ ይመጣል፣ ለእያንዳንዱ ሐሳብ ማንን እንደሚያነጋግር ይናገራል። «ስለ ትራፊክ መሥራት እፈልጋለሁ» ሐሳብ አይደለም፤ ርዕስ ነው።

ዋና አዘጋጅነት በዕጣ ይሁን፤ ካልሆነ ጎበዞቹ ሦስት ተማሪዎች ዓመቱን ሙሉ ያዝዛሉ። ምንጭ ቀርቶበት ባዶ እጁን የሚመለስ ዘጋቢ ስለማይጠፋ ሁለት ተጠባባቂ ዘገባዎች ይዘጋጁ። ወደ ውጭ የሚወጡ ጥንድ ጥንድ ይውጡ፣ የት እንዳሉ ለምክትል አዘጋጁ ያሳውቁ፣ የተቋማቸውን ደብዳቤ ይያዙ። ለሚያነጋግሩት ሰው ተማሪ መሆናቸውንና ሥራው የሚታተም ወይም የማይታተም መሆኑን ከጥያቄው በፊት ይንገሩ። የግምገማ ስብሰባው በማግስቱ ይሁን፤ በዕለቱ ሁሉም ደክሟል፣ ጥፋቱንም አንዱ ባንዱ ላይ ይለጥፋል።

እንግዳ ጋዜጠኛ ብጋብዝ?

ንግግር እንዲያደርግ ሳይሆን እንዲያርም ይጋበዝ። ከታተመ ዘገባው ጋር የመጀመሪያውን ረቂቅም ይዞ እንዲመጣ ይጠየቅ፤ በሁለቱ መካከል ምን እንደተቆረጠና ማን እንደቆረጠው ያሳይ። ረቂቁን ማሳየት ካልፈለገ የተማሪዎችን 3 ጽሑፎች ከሁለት ቀን በፊት ይላኩለትና ክፍሉ ፊት እያነበበ ያርማቸው።